ከስብ ባልዲው የወጣው ድንጋይ

ኤድመንተን፣ እሑድ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2019

ለኦርቪል፣

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታይ ግንባርህ እንዴት እንደሚቋጠር ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እባክህ አትቅደደው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ደብዳቤ አይበዛብህም። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ኬፕ ብሬተን ባሕር ዳር ጀልባ እየጠገንክ እንደምትኖር እህትህ ነግራኛለች። እኔ አልጠየቅኳትም፣ ራሷ ናት የነገረችኝ። እሺ፣ ጠይቄያት ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ ቆሜ እሄዳለሁ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ግን ምግብ የሚባል ነገር እያቅለሸለሸኝ ከረምኩ። የእናቴን ቦርሽ፣ ያንን የቀይ ሥር ሾርባ፣ እሠራለሁ፣ ማንኪያዬን አነሳለሁ፣ ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እንዳለ ወደ ማጠቢያው እደፋዋለሁ። ሐኪሙ «ጨጓራ ነው» ብሎ ነጭ ነጭ ኪኒን ሰጠኝ። የምን ጨጓራ! ራሴን ነው የተጸየፍኩት፤ ለሱ ደግሞ ኪኒን የለውም።

ከዋናው ነገር ልጀምርልህ። ባለፈው ዓርብ ሼልቢ ካርዲናል የምትባል ተማሪዬ የዶክትሬት ጽሑፏን አቅርባ ተፈተነች። የስድስት ዓመት ድካሟን በአንድ ጠዋት ወይ ያጸድቁላታል ወይ ይጥሉባታል። ሊጥሉባት ተዘጋጅተው ነበር። ለምን ብትል፣ እኔ ከሰማይ በወደቀው ድንጋይ ውስጥ አገኘሁ ያልኩትን ነገር እሷ ስድስት ዓመት ፈልጋ አላገኘችውም። ለምን እንዳላገኘችው ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንተና እኔ። ሼልቢን አታውቃትም። አያቷን ግን ታውቃቸዋለህ። ፊሎሜን ናቸው፣ የባልዲዋ ባለቤት።

አሁን ገባህ አይደል? በል ተቀመጥና አንብብ።

መቼም የኔ ኑሮ ከግማት ወደ ግማት መዘዋወር ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለመንደራችን ለቬግሪቪል ሰው ሁሉ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጭቃ ታሸታለች» እያለች ስታማኝ ኖራ ሞተች። ውሸት አልነበረም። መጀመሪያ ረግረጉ ነው፤ አንተ ቴክኒሻኔ ሆነህ የጭቃ መቅጃውን ቱቦ በትከሻህ ተሸክመህ፣ እኔ እስከ ጭኔ የበሰበሰ ሣር ውስጥ ሰጥሜ፣ የመጀመሪያ ቃልህ «እትዬ፣ ቦትሽ ውስጥ እንቁራሪት ገብቷል» ነበር። ከዚያ ነዳጅ ከአሸዋ የሚያጥቡበት የፍሳሽ ኩሬ መጣ። አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ጥቁር ኩሬ ዳር ቆመን ስንቀዳ፣ የድርጅቱ ሰዎች አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው «ምንም አይሸትም እኮ» ሲሉን! እንትፍ! እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ምራቄ ይመርራል። የሞተ ደን፣ የሞተ ዓሣ፣ የሞተ ሣር ሳሸት ኖሬ ኖሬ፣ በቃኝ፣ ሕይወት ከመኖሩ በፊት የተሠራውን ነገር ልፈልግ ብዬ ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ። የኛ ሥጋ የተሠራበት ቅመም ከሰማይ በሚወርድ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል ሲባል የሰማሁ ቀን እንዴት እንደ ሕፃን እንደዘለልኩ ታስታውሳለህ? ንጹሕ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በ2000 የበረዶ ወራት ያ እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ፣ በሳምንቱም ፊሎሜን ደወሉ። ሐይቁ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው በረዶው ላይ ጥቁር ድንጋይ ተበትኖ አገኙ። በእጃቸው አልነኩትም። በሁለት ማንኪያ ለቀሙት፣ በፈላ ውሃ ፍቀው ያጠቡት የአሳማ ስብ ባልዲ ውስጥ ከነበረዶው ጨመሩት፣ ክዳኑን ገጠሙና ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጡት። ማንም ሳያስተምራቸው! እኔ ተማሪዎቼን ሦስት ዓመት አስተምሬ ያንን አያደርጉም።

ዘጠኝ ሰዓት ነድተን ደረስን። ፍሪዘሩን ሲከፍቱት ምን እንዳደረግኩ አንተ አይተሃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከላይ የአጋዘን ሥጋ፣ ከጎን የዓሣ ጭንቅላት፣ መሀል ላይ ያች ባልዲ። አፍንጫዬን ያዝኩ። እኔ! በፍሳሽ ኩሬ ዳር ሳንድዊች የበላሁ ሴት፣ በሰው ቤት፣ በሰው ፊት አፍንጫዬን ያዝኩ። አንተ ውጪ ወጥተህ እጅህን እስኪቀላ በበረዶ አሽተህ ተመለስክና ባልዲውን በሁለት እጅህ ተቀበልካቸው። ፊሎሜን አዩህ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ግማሹን ውሰዱ» አሉ። «ግማሹ እዚሁ ይቀራል።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«እኛ ደጅ ነዋ የወደቀው! ሁሉንም ጠራርጋችሁ ልትሄዱ ነው?»

መኪናው ጋ ስንደርስ የተባባልነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ዳርካ፣ ሌላ ባልዲ ገዝተን እንስጣቸውና ድርሻችንን በዚሁ እንውሰደው» አልክ።

«በስብ ባልዲ? ዓሣ ዓሣ እኮ ይላል ኦርቪል!»

«ዓሣ የሚለው ፍሪዘሩ ነው። ባልዲው ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ምንም አይጨምርበትም።»

«አዲሶቹ ከረጢቶች ታዲያ ለጌጥ ነው ያመጣናቸው?»

እነዚያ የሚያብለጨልጩ የናይለን ከረጢቶች! በራሴ ፊርማ ያዘዝኳቸው! ድርሻችንን ከባልዲው አውጥተን ከረጢት ውስጥ የከተትነው እኔ ስለተጸየፍኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ድንጋዩን ያቆሸሸው የኔ መጸየፍ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ይዤው ኖርኩ፤ ይኸው አሁን ተፋሁት።

የቀረውን ከኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ልጻፈው፣ መጻፍ አለብኝ። ድንጋዩን ፈጭተን፣ በአሲድ አብስለን፣ መሣሪያው ውስጥ ስናስገባው፣ በሚስለው መስመር ላይ፣ ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ያ ረጅም ጫፍ ብቅ አለ። ከሰማይ በመጣ ድንጋይ ውስጥ ማንም ያላየው አሚኖ አሲድ፣ ያ የሥጋችን ቅመም! ሕንፃው በሙሉ መጥቶ አቀፈኝ። በሁለተኛው ቀን አንተ ባዶውን ይዘህ መጣህ። ሌላው ሰው ሁሉ ባዶውን እንደ ግዴታ ነበር የሚሠራው፤ አንተ ግን ሳትሠራ እንቅልፍ አይወስድህም። ድንጋይ የሌለበትን ከረጢት ብቻ ቆርጠህ፣ ልክ እንደ ናሙናው አብስለህ፣ አጣርተህ፣ መሣሪያው ውስጥ አስገብተኸዋል። ባዶው ላይ የሚወጣ ነገር ካለ የሰማይ አይደለም፣ የኛው ቆሻሻ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋኸው። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያው ጫፍ ቆሟል።

«ድገመው» አልኩህ።

«ደግሜዋለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«በቃ ይሁን፣ ተወው። እኔ አየዋለሁ።»

አየሁት። አይቼም ከነደብተርህ ቤቴ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለመጽሔቱ ያለ ከረጢት የተሠራ ሌላ ባዶ ላክሁ፣ ንጹሕ የሆነ። ገምጋሚዎቹ «የከረጢቱ ባዶ የታለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ያኔ የክፍላችን ምክትል ኃላፊ የነበረው ዋዴል ሁለታችንንም ጠራን። እኔም አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ «ቴክኒሻኑ ዘንግቶት ነው፤ ከረጢቶቹም አልቀዋል» አልኩ። አየኸኝ። አንዲት ቃል አልተነፈስክም። እንዴት ነው አንዲት ቃል የማትተነፍሰው? እስከ ዛሬ በዚያ ዝምታህ እናደዳለሁ። ጠረጴዛውን ገልብጠህብኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ዋዴል «ለጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ደብዳቤ ጻፈብህ፣ ውልህን ሳያድሱልህ ቀሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ በጎን በር ስትወጣ የተናገርከው ሦስት ቃል ነው። «ባልዲው ንጹሕ ነበር።»

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበልህ፣ ክብር በክብር ሆንኩ። ስሜን በነሐስ ቀርጸው የቤተ ሙከራው በር ላይ ሰቀሉት። በየስብሰባው የደረቀ አይብና የሞቀ ወይን እየሰጡ ያስጨበጭቡልኝ ነበር። የባሰውን ልንገርህ? ከአንዲት ጠፈር ላይ ካለች ትንሽ ዓለም አፈር ዝቀው ሊያመጡ መንኮራኩር ሲያዘጋጁ፣ አፈሩ በምን ዕቃ ይምጣ ብለው ያማከሩት እኔን ነው! ስለ ንጽሕና አርባ ደቂቃ ተናገርኩ፣ ኦርቪል! «ብረት ተጠቀሙ፤ ናይለን ግን በአጠገቡ እንዳያልፍ» አልኳቸው። አንዱ ወጣት እጁን አውጥቶ «ናይለን እንደሚያበላሽ በምን አወቁ?» አለኝ። «በልምድ» አልኩት። ቆመው አጨበጨቡ። ቀጥታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስታወክሁ።

ሼልቢ የመጣችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ገና በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ ድንጋዩን የለቀሙት ኮኩሜ ናቸው» አለች። በነሱ ቋንቋ ኮኩም ይሏቸዋል አያትን። ስትስቅ ድድዋ ይታያል፣ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፣ ሽቶ የሚባል ነገር አትቀባም። ካንተ ወዲህ እንደ እሷ ያለ እጅ አላየሁም። ፊሎሜንን ለምና የቀረውን ግማሽ ድንጋይ ከነባልዲው አስመጣች፤ የኔን አሚኖ አሲድ እሱም ላይ አግኝታ ስሜን ልታስጠራ። ምንም! አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ምንም የለም። እየከሳች ሄደች። ማንጎራጎሩንም ተወችው። «የኔ እጅ ነው ችግሩ» ስትል ሰምቼ አለፍኳት። በአጠገቧ፣ ሻዬን ይዤ፣ አለፍኳት።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ቢሮዬ ገባች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ያኔ የከረጢቱን ባዶ ሠርታችሁት ነበር?»

አፌ ብቻውን ተከፈተ። «ቴክኒሻኑ ዘንግቶት ነበር» አልኳት። ያንኑ ቃል! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ አልሻገተም!

«ስሙ ማን ነው? ልደውልለት፤ ምናልባት የቀረ ከረጢት ካለ ያስታውስ ይሆናል።»

«ሞቷል» አልኳት።

አዎ። ገደልኩህ። «ውይ፣ አዝናለሁ» ብላ ወጣች። ምግብ እምቢ ያለኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት ወር ተኩል ሙት ሆነህ ከርመሃል፤ ሳታውቀው።

ወደ ዓርብ ልምጣ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ያንተን የቤተ ሙከራ ደብተር ከመሳቢያው አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ላወጣው አስቤ አልነበረም። አዳራሹ ስደርስ ፊሎሜን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጸጉራቸው ነጭ ሐር ሆኗል፣ ጭናቸው ላይ ያችው ባልዲ። ድንጋዩ ከወጣላት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ኖሯል፣ ባኖክ የሚሉትን በስብ የተጠበሰ ወፍራም ቂጣ ሞልተውባታል። ፈተና የሚያዩ ዘመዶች ምግብ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ አንተም ታውቃለህ። ክዳኑን ከፍተው ለእያንዳንዱ ሰው ያቀርባሉ። ዋዴል ጋ ደረሱ። አሁን ኃላፊ ሆኗል፣ ሆዱም ከሹመቱ ጋር አድጓል። ቂጣውን አየ፣ ባልዲው ላይ ያለውን የአሳማ ሥዕል አየ፣ ከዚያ አፍንጫውን ሸብሽቦ ባልዲውን በብዕሩ ጫፍ ወደዚያ ገፋ አደረገው።

«አመሰግናለሁ፣ ቁርስ በልቻለሁ።»

ኤጭ! የራሴን ፊት ነው ያየሁት። ቁርጥ የኔን ፊት።

ፊሎሜን ክዳኑን ገጠሙት። ዞረው ሼልቢን «ያ ቀጭኑ ሰውዬ የታለ? ያ እጁን በበረዶ የታጠበው» አሏት።

«ሞቷል ኮኩም። ዶክተር ነግረውኛል።»

አሮጊቷ ባልዲውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። መሐረባቸውን ከራሳቸው አወረዱና በራሳቸው ቋንቋ ቀስ ብለው ጸለዩልህ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ወንበር ይጎትታል፣ ዋዴል ስልኩን ይነካካል፣ እሳቸው ላንተ ነፍስ ይጸልያሉ። እኔ ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ እንኳን፣ ያን ጊዜ እንኳን አልተናገርኩም፣ ኦርቪል። ሄጄ የፈታኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሼልቢ አቀረበች። ጥርት ያለ ሥራ ነው፣ አንተ ብታየው ትኮራ ነበር። እንደጨረሰች ዋዴል ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«እንግዲህ እመት ካርዲናል፣ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ስም የተጠራው በዶክተር ዳርካ ግኝት ነው። አንቺ ግን ከዚያው ድንጋይ ምንም አላገኘሁም ትይናለሽ።»

«አዎ፣ አላገኘሁም።»

«አሥራ አንድ ጊዜ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ስለዚህ ወይ እጅሽ አይረባም፣ ወይ ደግሞ…» ሳቅ አለ፣ «ወይ ደግሞ ናሙናው የአያትሽ ጓዳ ውስጥ ከአሳማ ስብ ጋር ተቀምጦ ተበላሽቷል። የትኛው ነው?»

ሼልቢ ወደ አያቷ አላየችም። ወደኔ አየች። ያወቀች ይመስለኛል። ካየችኝ አስተያየት ቀድማ ያወቀች ይመስለኛል።

«ባልዲው ንጹሕ ነው» አለች። «ፈትሼዋለሁ። ስለ ሌላው ማስረጃ የለኝም፣ ማስረጃ የሌለኝን አልናገርም።»

ሦስት ቃልህ። ከማን ሰማችው? ከማንም። እውነት ስለሆነ ብቻ ተናገረችው።

ዋዴል ወደኔ ዞሮ «ዶክተር ዳርካ፣ አማካሪዋ አንቺ ነሽ፣ ፍርዱን ካንቺ እንስማ» አለ። ተነሣሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ።

«ማስረጃው ይኸው» አልኩ። «ገጽ ሰማንያ ስምንት። የከረጢቱ ባዶ፣ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያለው ጫፍ ከሰማይ አልመጣም፣ ከከረጢታችን ነው። ያወቅሁት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ይህን የሠራው ኦርቪል ሊንድግሬን ነው። አልዘነጋም። ዘንግቷል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ኋላ ዞርኩ። «አልሞተምም።»

ዋዴል «ዳርካ፣ ተቀመጪ፣ አሞሻል» አለኝ።

«አላመመኝም፣ ጠልቼሃለሁ እንጂ» አልኩት። «ራሴን ደግሞ ካንተ ይበልጥ። ልጅቷ ትክክል ናት፣ ፈርምላት።»

ከውጪ የተጋበዘችው ፈታኝ ደብተሩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አገላበጠችው። ገጹ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል የጻፍከውንም አነበበችው፤ «ዳርካ፣ እባክሽ ይህን ሳታዪ አትላኪው» የሚለውን። ጮክ ብላ አነበበችው። እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት፤ እስከዚያ ድረስ ቆሜ ነበር።

ሼልቢ አለፈች። ያለ አንዳች እርማት። እኔ ከሰዓት በኋላ ለመጽሔቱ ጽሑፌን አንሡልኝ ብዬ ጻፍኩ፣ የሥራ መልቀቂያዬን አስገባሁ፣ የነሐሱን ሰሌዳ በራሴ መፍቻ ከበሩ ላይ ነቀልኩት። ሦስተኛዋ ብሎን ዝጋ እምቢ ብትለኝ አንተን ተመኘሁ። ዋዴል በኮሪደሩ ሲያልፈኝ ግድግዳ ግድግዳውን ሄደ፣ እንዳልነካው። ይጸየፈኝ፣ ይገባኛል። እሱ ግን የጻፈብህን ደብዳቤ እንዲሰርዝ ለዲኑ አመልክቻለሁ፤ ማመልከቻዬ ከዚህ ጋር አለ። ደብተሩን ለምርመራ ወሰዱት፤ የገጽ ሰማንያ ስምንትን ቅጂ ግን ላንተ አስቀርቼዋለሁ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ፊሎሜን ጋ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«አንቺ ነሽ የሰደድሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለኔ ምን ታወሪልኛለሽ? ሄደሽ ለሱ አትነግሪውም?» አሉና ባልዲውን ወደኔ ገፉት። «ይልቅ ብዪ። አመድ መስለሻል።»

በላሁ፣ ኦርቪል። ከዚያች ባልዲ፣ በእጄ፣ እዚያው ቆሜ። ሁለት በላሁ። ወደ ላይ አላለኝም። የቀረውን ጠቅልለው ለቤት ሰጡኝና አሁን እሱን እየቆረስኩ ነው የምጽፍልህ።

ሼልቢ ጽሑፏ ላይ ስምህን በምን ፊደል እንደምትጽፈው ጠይቃኛለች። ባዶው በስምህ ይገባል። በጁን ተመርቃ ጋውን ትለብሳለች፤ ፊሎሜን «ያን ቀጭን ሰውዬ ይዘሽልኝ ነይ። አንቺ ውሸታም ነሽ፣ በዓይኔ ሳላይ አለ ብዬ አላምንሽም» ብለዋል። እኔ መልእክቱን ማድረስ ነው። ብትመጣም ባትመጣም ያንተ ጉዳይ ነው። ያኔ የወጣህበት የጎን በር ግን አሁንም ታች ላይ እየተያዘ ያስቸግራል፤ አንተ ካልመጣህ ማን ያስተካክለዋል።

የባሕሩ ብርድ ለጉልበትህ ይራራልህ። የጠገንከው ጀልባ ሁሉ ውሃ አያስገባ። እጅህ እስከ መጨረሻው አይንቀጥቀጥ።

ዳርካ

የረሳሁት፦ ገጽ ሰማንያ ስምንት ጠርዝ ላይ የቅባት ጠብታ ታያለህ። የባኖኩ ነው። አትፍራው። ባልዲው ንጹሕ ነበር።